የምርምር ድጋፍ፦ ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

ለሕክምና ምርምር ከመንግሥት ካዝና የሚወጣው ገንዘብ፣ በተለምዶ «የምርምር ድጋፍ» የሚባለው፣ ከምጽዋት የሚለየው ሰጪው የሚጠናውን ጉዳይና መልሱ የሚቀርብበትን ጊዜ አስቀድሞ በመወሰኑ ነው፤ ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ቤተ ክርስቲያን ስታስተምር፣ ድጋፉ ግን ያለ ዕቅድ፣ ያለ በጀት ዝርዝርና ያለ ሪፖርት አይለቀቅም። ድጋፉ እንዲህ መልስ የሚጠበቅበት ዕዳ ከሆነ፣ ዕዳው የማን ነው፣ የሚከፈለውስ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ በጎንደር በካላዛር ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ትኩሳትና ክሳት የሚያስከትል፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከሰሜን ጎንደር ደጋ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዋነኛ ተጠቂው ነው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን በሽታ የሚያክምና የሚያጠና ማእከል አለው፤ ከታማሚው ጣፊያ በቀጭን መርፌ የሚቀዳው ጠብታ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ተውሳኩ ሲገኝበት፣ ያው ጠብታ፣ ታማሚው ከፈቀደ፣ የምርምር መረጃም ሊሆን ይችላል።

ድጋፍ ሰጪው፣ የኢትዮጵያም ይሁን የውጭ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ገንዘቡን የሰበሰበው ከግብር ከፋዩ ነው፤ ታማሚው ሰሊጥ አጫጅ ያዋጣው ግን ገላውን ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ሪፖርቱን ለገንዘብ ሰጪው አቅርቦ ዕዳውን እንደ ጨረሰ ቢቆጥር፣ ለአጫጁ የሚገባው፣ ማለትም በጥናቱ የተገኘው መድኃኒት የመከሩ ወቅት ሳያልፍ በቆላው ጤና ጣቢያ መገኘቱ፣ ገና ሳይከፈል ይቀራል።