የተወከለ ሥልጣን፣ የማይወከል ተጠያቂነት

አየር ማንም ባለቤቱ ነኝ የማይለው፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ በየደቂቃው የሚካፈለው ሀብት በመሆኑ፣ ንጽሕናውን የመጠበቅ ግዴታ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሕግ ጥያቄነት አልፎ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄው በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ይበልጥ ይከብዳል፤ ማዕከላዊው መንግሥት የአየር ብክለት ደረጃ አውጥቶ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሊገኝ የሚፈቀደውን የብናኝና የጋዝ መጠን ወስኖ፣ ማስፈጸሙን ለክልል ሲሰጥ፣ ክልሉም ወደ ዞንና ወደ ወረዳ ሲያወርደው፣ ተጠያቂነቱ ከሥልጣኑ ጋር አብሮ ይወርዳልን? ወይስ ሥልጣን ቢወከልም ተጠያቂነት በወካዩ ዘንድ ይቀራል?

የኢትዮጵያ ሕግ ለጥያቄው ከሚታሰበው በላይ የተሟላ መልስ ይዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መንከባከብ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 50 በበኩሉ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ካዘዘ በኋላ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከሥልጣኑና ከተግባሩ እንደ አስፈላጊነቱ ለክልሎች በውክልና ሊሰጥ እንደሚችል ይጨምራል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች፣ የአካባቢ ጥበቃ አካላትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 295 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በዚሁ መሠረት ላይ ቆመው ክልሎች የየራሳቸውን የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁሙና የፌዴራሉን ደረጃ እንዲያስፈጽሙ አድርገዋል። ክልሉ ከፈለገ ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላል፤ የላላ ግን አይፈቀድለትም። በዚህ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ትልቅ የሥነ ምግባር ሐሳብ አለ፤ የአንድ ክልል ድህነት ወይም የኢንቨስትመንት ፍላጎት የነዋሪውን ሳንባ ከሌላው ሰው ሳንባ ያነሰ ዋጋ ያለው ሊያደርገው አይችልም ማለት ነውና።

በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከጥርባ ወይም ከእንጅባራ ሆኖ ነገሩን ለሚመለከት ሰው፣ የአየር ብክለት ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሳይሆን ከሰል ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች አፈሩ በአሲድ የተጎዳው ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ያመርታል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያም ማሳውን መልሶ ያርሳል። ይህ ልማድ የብዙ ቤተሰብን ኑሮ የቀየረ፣ የተራቆተ ኮረብታን በአረንጓዴ ያለበሰ በመሆኑ ክብር የሚገባው የገበሬ ብልሃት ነው፤ በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የደረሰው የዋግ በሽታ ያስከተለው ሐዘንም የዚሁ ክብር ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ከሰል የሚወጣው ግንድ ተቆራርጦ፣ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተዳፍኖ፣ አየር በጥቂቱ ብቻ እየገባ ለቀናት ሲከስል ነው፤ በዚህ ያልተሟላ ቃጠሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሚቴንና በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን በታች ስለሆነው ብናኝ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ሲሆን፣ ይህን ያህል የደቀቀ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ከዚያም ወደ ደም ይዘልቃል። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመታዊ አማካይ ወሰኑን በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም ዝቅ ያደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስፈጸምን ሙሉ በሙሉ ለክልል መተው ትክክል ነው የሚሉ ወገኖች ጭስ የአካባቢ ጉዳይ ነው ከሚል መነሻ ይጀምራሉ፤ ጭሱ እዚያው ይወጣል፣ እዚያው ይተነፈሳል፣ ስለዚህም እዚያው ይዳኝ ይላሉ። የአዊ ከሰል ግን ይህን ክርክር ከመሠረቱ ያናጋዋል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጭሱ በአክሳዩ ዘንድ ይቀራልና። በከተማ ቤት ውስጥ ከሰል ከማገዶ እንጨት ያነሰ የሚጨሰው፣ ጭሱ አስቀድሞ በአዊ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ስላለቀ ነው። ጥቅሙ የሩቁ፣ ጉዳቱ የቅርቡ ሲሆን ጉዳዩን የቅርቡ ብቻ ይወጣው ማለት ፍትሕ አይሆንም፤ ተጠቃሚውን ከተጠያቂነት የሚያወጣ ውክልና ሸክምን ማራገፍ እንጂ ሥልጣንን ማካፈል አይባልም።

በዚህ ነጥብ ላይ ሃይማኖታዊው ትውፊት ከዘመናዊው የአስተዳደር ጽሑፍ የጠለቀ ነገር አለው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የምድያም ካህን ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ አይቶ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም ይመክረዋል፤ ምክሩ ግን ከባዱ ጉዳይ ወደ ሙሴ እንዲመለስ በማዘዝ የሚጠናቀቅ በመሆኑ፣ ሙሴ ሥራውን አካፈለ እንጂ ከሕዝቡ ፊት አልተሰወረም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ደግሞ ሰባ ሽማግሌዎች ሸክሙን እንዲያግዙት ሲመረጡ፣ እግዚአብሔር በሙሴ ላይ ካለው መንፈስ ወስዶ በእነርሱ ላይ እንዳሳደረ ይነገራል። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ላይ ሲነበቡ የትክክለኛ ውክልና ሥርዓት ይታያል፤ ሸክሙ የሚወርደው ሸክሙን ለመሸከም ከሚያስፈልገው ኃይል ጋር ነው፣ ከታች ያልተፈታው ነገር ወደ ላይ የሚመለስበት በርም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ሰው እረኛ ነው፣ ስለ መንጋውም ይጠየቃል የሚለው የነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስም ከመሪው ጀምሮ እስከ ቤት አባወራ ያለውን ሁሉ በየደረጃው ተጠያቂ ሲያደርግ፣ የአንዱን መጠየቅ ለሌላው ማምለጫ አያደርገውም። በአንጻሩ ጲላጦስ በኢየሱስ ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቶ እጁን ቢታጠብም፣ የክርስቲያኖች ጸሎተ ሃይማኖት ስሙን እስከ ዛሬ ከዚያ ፍርድ ጋር ያነሣዋል።

የቅርቡ ዳኛ በእርግጥም ትልቅ ብልጫ አለው። የትኛው ሰፈር በየትኛው ወር በጭስ እንደሚሸፈን፣ የትኛው ገበሬ ከከሰል ሌላ ገቢ እንደሌለው፣ ጉዳዩ በቅጣት ይፈታ ወይስ በምክር የሚለውን የሚያውቀው እርሱ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ያብራሩት መርሕ፣ ማለትም ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ትልቁ ሊነጥቀው አይገባም የሚለው ሐሳብ፣ የሚያርፈው በዚህ እውነት ላይ ነው፤ የመርሑ ሌላ ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ትንሹ ሲያቅተው ትልቁ የመርዳት ግዴታ አለበት። ቅርበት ዕውቀትን እንደሚሰጥ ሁሉ መራራትንና ጥቅምንም ይሰጣል። የወረዳው ተቆጣጣሪ ከአክሳዩ ጋር ዕድር ይገባል፣ ሰንበቴ ይጠጣል፤ የወረዳው ገቢም በከፊል ከዚሁ ንግድ የሚመጣ ከሆነ ዝምታው ከክፋት ሳይሆን ከዝምድና ሊመነጭ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ከጎረቤቱ ፊት አቁሞ ሕግ አስከብር ማለት ለእርሱም ጭካኔ ነው።

አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣችውና በኋላ ባሻሻለችው የንጹሕ አየር ሕግ ይህን ድክመት አስቀድማ ለማረም ሞክራለች። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ደረጃውን ያወጣል፤ ክፍለ ሀገራት የማስፈጸሚያ ዕቅድ ያዘጋጃሉ፤ ዕቅዱ ካልተሟላና ካልታረመ ፌዴራሉ በሁለት ዓመት ውስጥ የራሱን ዕቅድ የመተካት ግዴታ አለበት፤ አንዱ ክፍለ ሀገር ጭሱ ነፋስ ወደሚወስድበት ጎረቤት ተሻግሮ ጉዳት እንዳያደርስም ሕጉ ይከለክላል። በአፈጻጸሙ የማያቋርጥ የፖለቲካ ሙግት ቢኖርም፣ ወካዩ ሥልጣኑን ሰጥቶ ከሜዳ የሚወጣበት መንገድ የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጎደለው ሐሳቡ ሳይሆን ከሸክሙ ጋር አብሮ መውረድ የነበረበት ኃይል ነው። ደረጃ ያለ መለኪያ ምኞት ነው፤ በአዲስ አበባ እንኳ ለዓመታት የብናኙን መጠን በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲያሳውቁ ከነበሩት መሣሪያዎች ዋነኛው የአሜሪካ ኤምባሲ ንብረት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን መረጃ ማሠራጨት ሲያቆም ያ ምንጭ ተቋረጠ። የፋብሪካ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ በስሙም በይዘቱም ፋብሪካን የሚመለከት ስለሆነ በማሳ ላይ የሚከስልን ክምር ለመዳኘት አይመችም፤ አክሳዩን እንደ ፋብሪካ ባለቤት መቅጣትም፣ ጭሱን ከማንም በፊት የሚተነፍሰው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ተጎጂን መቅጣት ይሆናል። የሚያስፈልገው ጭስን የሚቀንስ የተሻሻለ የማክሰያ ምድጃ፣ የሠለጠነ የወረዳ ባለሙያና ተንቀሳቃሽ መለኪያ ነው፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለውም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 94 መልስ ሰጥቷል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በውክልና ለተሰጠ ተግባር የሚያስፈልገውን ወጪ የሚሸፍነው ወካዩ ነው። ፌዴራሉ የራሱን ደረጃ በክልል እጅ ሲያስፈጽም ሥራው ለክልሉ በሕግ የተሰጠ እንጂ ውክልና አይደለም የሚል የሕግ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ከሰሉን የምታነድደው ዋና ከተማ ግን ለምድጃው ማሻሻያ ድርሻዋን ሳትከፍል ከጭሱ ንጹሕ ነኝ ልትል አይገባትም።

በሩም ከታች ወደ ላይ ክፍት ነው። በአዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የተለየ ጥቅም ወይም መብት እንደተነካበት ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ማንኛውም ሰው ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በቀጣዩ 60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል።