ሳያንኳኩ መግባት

ድሮ ካሜራ የያዘ ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። አንዱ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ያልፈለገ ፊቱን ያዞራል፣ «ማን ፈቀደልህ?» ባይም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችው ኦስሞ ፖኬት ግን 116 ግራም ብቻ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። እጅ ወዲህ ሲያዘነብል ሦስት ትንንሽ ሞተሮች ሌንሷን ወዲያ እየመለሱ ምስሉን ያረጋጋሉ። የእርምጃን ከፍ ዝቅ ግን በደንብ አትችለውም። ስለዚህ ከተማ እየዞረ የሚቀርጸው ሰው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ዶሮ ሊይዝ እንዳደባ ሰው ይራመዳል።

መቼም ጥቅሙ አይካድም። በ2016 ዓ.ም. የፈረሱትን የፒያሳ ሠፈሮች ቀድሞ የቀረጸ ሰው፣ ዋሽንግተን ላለ የሠፈሩ ልጅ ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

«መንገድ የሕዝብ ነው» ይባላል። ለእኔና ለእናንተ ልክ ነው፤ አልፈን ሄደን ቤታችን ገብተን በር እንዘጋለን። ጉሊቷ ላይ ልጇን የምታጠባዋ እናት፣ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረው ልጅስ የት ይግቡ? ለካሜራ ያዡ መንገድ የሆነው ለእነሱ ጓዳ ነው። እነሱ ሳያውቁ ጓዳቸው ተገብቶ ይወጣል፤ ያውም ኮሽ ሳይል። እናቲቱ ፊቷን እንዳታዞር፣ መቀረጿን መች አወቀች?

«ታዲያ መርካቶን በሙሉ ማን ያስፈቅዳል?» ትሉ ይሆናል። አይቻልም፤ አላፊ አግዳሚውንም ያን ያህል አይጎዳውም። እሷን ግን ቆም ብሎ «እናቴ፣ ልቅረጽ?» ማለት ይቻላል። እምቢ ካለች ሌንሷን ወደ ሕንፃው ማዞር ነው። እርግጥ ያ ሳይንገጫገጭ የመጣ ቀረጻ እዚያ ላይ ይቆረጣል።