እንግድነት ስንት ቀን ነው?



እኛ ከአገር ቤት የመጣን ወላጆች በየቤታችን የምንደጋግማት አንዲት አነጋገር አለች፤ «እኛ እዚህ እንግዳ ነን» የምትል። ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እንላታለን። ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ ላለመሄድ እንላታለን። የቤት ኪራይ ሲጨመርብን ዝም ለማለትም እንላታለን። እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የተወለዳችሁ ልጆች ግን ስትሰሟት ግራ ትጋባላችሁ። እውነት አላችሁ። እንግዳ ከሆናችሁ የመጣችሁበት ቤት የት ነው?

አነጋገሯ ከንቱ ናት እያልኩ አይደለም። ወሎ ባደግሁበት ቤት እንግዳ ትልቅ አደብ ነበረው። ጓዳ አይገባም፣ የቀረበለትን ይበላል፣ መርቆ ይሄዳል። ነገር ግን እንግዳ ውኃ አይቀዳም፤ ጣሪያው ቢያፈስም የእሱ ጉዳይ አይደለም። ቃሉ አደብንም ከሥራ ነጻ መሆንንም አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው። እኛ ደግሞ፣ አላህ ይማረንና፣ ሁለተኛውን ሳንወደው አልቀረንም።

ዲናችን ለእንግድነት ልክ አበጅቶለታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን የእንግዳ መስተንግዶ 3 ቀን ነው። ከዚያ ያለፈው ለአስተናጋጁ ሰደቃ ሆኖ ይቆጠርለታል፤ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ ድረስ መቆየት አይፈቀድለትም። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ 23 ዓመት ሆኖኛል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ መውጣት እወዳለሁ። ሩቅ አንሄድም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር እስከ ጋለሪ ፕሌስ፣ እዚያ ወደ ቢጫው ቀይረን እስከ ኪንግ ስትሪት። ቢጫው ባቡር ከመሬት ውስጥ ብቅ ብሎ ፖቶማክን በድልድይ ሲሻገር ትንሹ ልጄ ሁልጊዜ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ከጣቢያው እስከ ወንዙ በነጻ የሚወስድ አውቶቡስ አለ፤ እኛ ግን ሱቆቹን እያየን በእግራችን እንወርዳለን። ከቤት ጠቅልለን የወሰድነውን ሳምቡሳ ከበላን በኋላ ወንዙ ዳር ሣሩ ላይ ዙህርን እንሰግዳለን። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ ሰው እያየን ነው፤ ሌላ ቦታ ብንሰግድስ?» አለችኝ። በሶላቱ አፍራ አልነበረም። የሰው ግቢ የገባን መስሏት ነው። ያን ያስተማርናት ደግሞ እኛው ነን።

ሰግደን ስንጨርስ ወደ ዱክ ስትሪት ወሰድኳት። ቁጥር 1315 ላይ አንድ የጡብ ቤት አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በዚያ ቤት ሰው ይነግዱ ነበር። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የገዟቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመርከብም በእግርም ወደ ደቡብ፣ ወደ ናቼዝና ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልኩ ነበር።

ከዚያ ቤት በፊትም በዚህ አካባቢ ሙስሊም ነበረ። ያሮ ማሙት የሚባል የፉላኒ ሰው እ.ኤ.አ. በ1752 በባሪያ መርከብ ሜሪላንድ ደረሰ። ከ40 ዓመት በላይ በባርነት ኖሮ በ1796 ነጻ ወጣ፤ በ1800 ደግሞ ጆርጅታውን ውስጥ የራሱን ቤት ገዛ። የአሳማ ሥጋ እንደማይበላ፣ መንገድ ላይ አላህን እያወሳ እንደሚሄድ የከተማው ሰው ያውቅ ነበር። ቻርልስ ዊልሰን ፒል የተባለው ሠዓሊ በ1819 ምስሉን ሥሎታል፤ ፈገግ ብሎ ይታያል። ይህ ሰው እንግዳ ነበር? ተጋብዞ አልመጣም። ባለቤት ነበር? የኖረበት ምድር ከሁሉም በፊት የፒስካታዌ ሕዝብ ነበረ። እንግዲህ እዚህ አገር አስተናጋጁ ማን እንደሆነ ንገሩኝና እኔም እንግድነቴን ልቀበል።

አንዳንድ ወጣቶች ሌላ ነገር ያነሱልኛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑ ዑመርን በዱንያ ላይ እንደ እንግዳ ወይም እንደ መንገደኛ እንዲሆን አልመከሩትም ወይ ይላሉ። መክረውታል። ግን ምክሩ ስለ ዱንያ በሙሉ ነው። ደሴም ዱንያ ናት፣ አዲስ አበባም ዱንያ ናት። በዚያ ሐዲስ እንግዳ ከሆንን የተወለድንበትም መንደር ውስጥ እንግዳ ነን። እዚያ ጎረቤት ሲታመም እየጠየቅን፣ ለቀብር እየወጣን፣ ምንጭ እየጠረግን ኖረን እዚህ ስንደርስ ብቻ «እንግዳ ነን» ማለት ምን የሚሉት ዙህድ ነው?

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሙስሊም ወላጆች ዒድ በትምህርት ቤቱ መቁጠሪያ እንዲገባ ለዓመታት ጠየቁ። የትምህርት ቦርዱ በ2014 የሰጠው መልስ የሁሉንም ሃይማኖት በዓላት ስም ከመቁጠሪያው ማውጣት ነበር። በ2016 ግን ዒድ አል አድሐ የዋለበት መስከረም 12 ለተማሪዎች ዝግ ሆነ። ያን ቀን ቤት የዋላችሁት «እንግዳ ነን» ያላሉ ሰዎች ስለጠየቁላችሁ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዒድ የራሳችን ጉዳይ ነው። የካውንቲው ምክር ቤት በ2023 የቤት ኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 ከመቶ እንዳይበልጥ የሚገድበውን ሕግ ሲያወጣ ተከራዮች ሄደው ተናግረው ነበር። በእኛ ሕንፃ ያለን ሐበሾች ግን ከቤት አልወጣንም። ታችኛው ፎቅ የሚኖሩት የኤል ሳልቫዶር እናት እንግሊዝኛቸው ከእኛም ያነሰ ነው፤ በልጃቸው አስተርጓሚነት ተናገሩ። የሕጉ ጥቅም ግን ለሁላችንም እኩል ደረሰ። ጅብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አደራ ሲደጋግሙ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ሊወርስ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ጎረቤቱ ሙስሊም ይሁን አይሁን አልተነጠለም። እኝህ ሴት ሐቃችንን ተወጥተውልናል፤ የእሳቸው ሐቅ በእኛ ላይ ቀርቷል።

ወደ አገራችን የተሰደዱት ሰሃቦች እንዴት እንደኖሩ የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ ሲነሳበት «የእኛ ጠብ አይደለም» አላሉም። ለድሉ ዱዓ አደረጉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ የነበረው ዙበይር (ረ.ዐ) በአየር በተነፋ አቁማዳ ላይ ሆኖ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፤ ውጊያውን አይቶ የድሉን ዜና አመጣላቸው። ሙስሊሞች መዲና ላይ ከተደላደሉ በኋላም ጃዕፈርና ጓደኞቹ እስከ 7ኛው ዓመተ ሒጅራ ድረስ ሐበሻ ምድር ቆይተዋል።

እዚያ ልጆችም ወልደዋል። ከእነሱ አንዷ ኡሙ ኻሊድ ናት። ከወላጆቿ ጋር መዲና ስትደርስ ገና ሕፃን ነበረች። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለበት ጥቁር ልብስ መጣላቸው፤ እሷን አስጠርተው በእጃቸው አለበሷት። ጥለቱን እያሳዩ ያሏት ቃል ዐረብኛ አልነበረም። «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሾች ቋንቋ ቆንጆ ማለት ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ሠናይ»ን ይሰማበታል። የቁረይሽ ልጅ ናት፤ ዐረብኛው የአባቷ ቋንቋ ነበር። እሳቸው ግን ያደገችበትን አገር ቃል መረጡላት።