ቀንድ አውጣዋ ለምን ወጣች?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ቀንድ አውጣ ነው። «ሰው በስንት ሐሳብ ተወጥሮ ባለበት ጊዜ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ብቻ ትንሽ ይታገሠኝ። ትልልቅ የሚባሉት ጥያቄዎች ሁልጊዜ በዋናው በር አይገቡም፤ አንዳንዴ በመስታወት ላይ እየተንፏቀቁ፣ ልጋጋቸውን ከኋላቸው እየጎተቱ፣ በክዳን ሽንቁር ሾልከው ይመጣሉ። የኔም ጥያቄ አመጣጡ እንዲሁ ነው። የምናበላውና የምንሳሳለት ፍጡር ካኖርንበት ቤት ሾልኮ ቢወጣ፣ መውጣቱ በኛ ላይ የሚጥለው ዕዳ አለ ወይስ የለም?

ቀንድ አውጣ ስል በክረምት አጥር ሥር የምናየውን ማለቴ አይደለም። የማወራው ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ከዓሣው ጋር ስለሚያስገቡት፣ የዘር አገሩ ደቡብ አሜሪካ ስለሆነው፣ ፈረንጆች ቅርጹን አይተው የፖም ቀንድ አውጣ ስለሚሉት ነው። አድጎ ሎሚ ያህላል። ቢጫም ቡኒም አለው። ሥራው መስታወቱ ላይ የሚጋገረውን አረንጓዴ እድፍ ሌሊት ሌሊት መፋቅ ነው። ጉዱ ግን ሌላ ነው፤ በአንድ ጎኑ እንደ ዓሣ ስንጥብ፣ በሌላው ጎኑ እንደኛ ሳንባ አለው። አየር ሲፈልግ እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለ ቱቦ ወደ ላይ ዘርግቶ ይስባል። እግሩ ላይ ደግሞ እንደ መዝጊያ የምታገለግል ጠንካራ ክዳን ስላለችው፣ ወደ ዛጎሉ ገብቶ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ከውሃ ቢወጣ እርጥበቱን ይዞ ቀናት መቆየት ይችላል። ለመጥፋት ስንቁን ይዞ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

የእህቴ ልጅ ሁለት ነበሯት። ቢጫይቱ የጠፋች ዕለት ቤቱ ሁሉ ታመሰ፤ በሦስተኛው ቀን ከቡፌው ጀርባ አቧራ ለብሳ፣ በሯን ዘግታ ተገኘች። ሞታለች ተባለ። ልጅቷ ግን እሺ አላለችም፤ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ውሃ ሞልታ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተንበርክካ ስሟን ትጠራት ጀመር። (በኛ ቋንቋ የዚህ ፍጡር ስም ራሱ ትእዛዝ መሆኑን ልብ ብላችኋል?) ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ታዘዘችው ቀንዷን አወጣች። በሌላ ጊዜ መጋረጃው ወገብ ላይ ተለጥፋ ተያዘች። ለሦስተኛ ጊዜ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ እሑድ ከምሳ በፊት በር ላይ ያወለቅሁትን ጫማ ላጠልቅ ስል ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን ነካኝ።

በዚያው ዕለት ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። እህቴ «በየቀኑ ኪያር እየተከተፈላት! ምን ጎደለባትና ነው?» አለች። ግጥም ነገር የሚወድ አንድ ወዳጃችን «ነጻነት ነዋ የጎደላት» ብሎ ስኒውን አስቀመጠ። ልጅቷ ደግሞ ወደኔ ዞራ፣ «አጎቴ፣ ጠልታኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከሦስቱ የከበደኝ የመጨረሻው ነው።

የወዳጄ ቅኔ ያምራል፤ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሰለኝ። የኩሬ ቀንድ አውጣ የነርቭ ሕዋሳት ወደ 20 ሺህ ይገመታሉ፤ በሰው አንጎል ያሉት ወደ 86 ቢሊዮን ናቸው። በ20 ሺህ ሕዋስ ውስጥ አርነት የሚባል ሐሳብ አድሯል ብሎ መማል ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1846 ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር አንድ የግብፅ በረሃ ቀንድ አውጣ፣ ባዶ ዛጎል ነው ተብሎ በካርቶን ላይ በሙጫ ተለጠፈ። በመጋቢት 1850 ሕይወት እንዳለው ተጠረጠረና ለብ ባለ ውሃ ቢነክሩት ራሱን ብቅ አደረገ። አራት ዓመት ሙሉ በሩን ዘግቶ ጠብቋል! ስለ እስር የሚያስብ ልብ ቢኖረው ኖሮ ያን ያህል ዘመን እንዴት አድርጎ ይችለው ነበር እላለሁ።

በዚህ ነገር የተደናገረው የኔ ወዳጅ ብቻ አይደለም። ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው የዘር ሐረግ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ ተርኳል። ሎንስዴል የተባለ ሰው ሁለት ቀንድ አውጣዎችን፣ አንደኛው ደካማ የሆነውን፣ ምግብ በሌለበት ጠባብ የአትክልት ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ብርቱው ይጠፋል። የልጋጉ ፈለግ ሲታይ ግንብ ተሻግሮ ወደ ጎረቤቱ የጠገበ ጓሮ ገብቷል። ሰውዬው ባልንጀራውን ከዳው ብሎ ደመደመ። በማግሥቱ ግን ተመለሰ፤ ከዚያም ሁለቱም በዚያው ፈለግ ግንቡን ተሻግረው ሄዱ። ዳርዊን ይህን ያነሣው በእነዚህ ፍጥረታት ዘንድ እንኳ የመተሳሰብ ነገር ሳይኖር አይቀርም ለማለት ነው። እኔ እዚህ ላይ ከታላቁ ሰው ጋር መሟገት አያምረኝም፤ ሆኖም ተመልሶ የመጣው ለባልንጀራው አዝኖ ይሁን የራሱን ፈለግ ተከትሎ፣ ግንቡ አልነገረንም።

የሕግ ሰዎችም መሥመሩን የት እንደሚያሰምሩ ሲቸገሩ አይተናል። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፣ የጀርባ አጥንት ካላቸው በተጨማሪ ኦክቶፐስንና ሸርጣንን ስሜት ካላቸው እንስሳት መደበ። የኦክቶፐስ የሥጋ ዘመድ የሆነው ቀንድ አውጣ ግን ከደጅ ቀረ።

ታዲያ የመውጣቷ ምክንያት ምንድር ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ከቅኔ ወደ ወጥ ቤት ይወርዳል። የዚህ ወገን ሴት እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው በላይ፣ አየር ላይ ነው፤ ከውሃው ጠለል እስከ ክዳኑ በቂ ቦታ ካላገኘች ክዳኑን አልፋ ትሄዳለች። ውሃው በዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ሲበዛበት ወይም ኦክስጅን ሲያጥረው ወደ ላይ ይወጣሉ። ዓሣ ታመመ ተብሎ መዳብ ያለበት መድኃኒት ጠብ ቢደረግ፣ ለዓሣው ፈውስ የሆነው ለቀንድ አውጣው መርዝ ነው። የባሕር ዳርቻ ዘር ያላቸው ሌሎች ዓይነቶች ደግሞ ማዕበሉ በመጣና በሄደ ቁጥር ከውሃ መውጣት የለመዱ ስለሆኑ በገንዳ ውስጥም ያው ናቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ጠላኋችሁ» የሚል የለም፤ «ነጻ አውጡኝ» የሚልም የለም። «እዚህ የሚጎድል ነገር አለ» የሚል ግን ሞልቷል። ድምፅ የሌለው ፍጡር አቤቱታውን የሚጽፈው በእግሩ ነው።

የእህቴ «ምን ጎደለባት?» ያስደነገጠኝም ለዚህ ነው። ይህን አነጋገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ስንት ሳሎን ውስጥ፣ የቤት ሠራተኛ ጠፍታ ባደረችበት ማለዳ! «በልታ ጠጥታ፣ ከልጆቼ ሳልለያት…» ይባላል። ሰውን ከቀንድ አውጣ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ እግዜር ይጠብቀኝ። የማወዳድረው የአሳዳሪውን ንግግር ነው። አሳዳሪ የሰጠውን ይቆጥራል፤ የነሣውን የሚቆጥረው የወጣው ነው። ደግሞም የልጅቷን ጥያቄ ከእናቷ ጥያቄ የሚለየው ይኸው ይመስለኛል፤ ልጅቷ ቢያንስ ጥፋቱን ከራሷ ጀምራ ነው የፈለገችው።

እንግዲያው ወስዶ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ነው የሚል ይኖራል። ይህ ደግ የሚመስል ክፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የዚችው ቀንድ አውጣ የቅርብ ዘመድ ለምግብ ትሆናለች ተብላ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ታይዋን ተወሰደች። ጣዕሟ ገበያ አላገኘም፤ የተጣለውና ያመለጠው ወደ ሩዝ ማሳ ገባ። ከዚያ በፊሊፒንስ፣ በጃፓን፣ በቬትናም የገበሬውን ቡቃያ ስትበላ ኖራለች። የአውሮፓ ኅብረት የስፔን የሩዝ ማሳዎች ከተወረሩ በኋላ፣ በ2012 ወገኗን በሙሉ እንዳይገባ እንዳይሰራጭም ከለከለ። በ2020 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ምዌአ በሚባለው የሩዝ መስኖ ውስጥ ተገኘች። እና ልጅቷ በርኅራኄ አንዲቱን ወስዳ ወንዝ ብትከት፣ ርኅራኄዋን የሚከፍለው አንድ የማታውቀው ገበሬ ነው። ከአንዲት ምን ይመጣል እንዳይባል፣ ሴቲቱ የወንዱን ዘር በሆዷ ለወራት ማቆየት ትችላለች።

በነገራችን ላይ የኛ አገር ትልቁ የቀንድ አውጣ ታሪክ የመግደል ታሪክ ነው፤ እንኮራበታለንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ማጥፋት እንደሚቻል ያሳየው ጥናት ከዚያ ተወለደ፤ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉበት። ውሃ ውስጥ የሚራጨው ሕፃን ከቀንድ አውጣው ይበልጣል፤ በዚህ የሚጠራጠር ካለ ወንዝ ዳር ያላደገ ነው። የወንዟን በእንዶድ፣ የሳሎኗን በኪያር የምናስተናግድበት ልዩነት ግን ከፍጡሯ የመጣ አይደለም። ሁለተኛዋን ያመጣናት እኛ ነን። አምጥተናታልና ልንለቃት አንችልም፤ ልንለቃትም ስለማንችል ለምን እንደምትወጣ የማወቁ ሥራ የኛ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የገንዳው ውሃ ከክዳኑ በታች አራት ጣት ያህል እንዲጎድል ተደረገ። ቢጫይቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ሳሎን ወጥታ አታውቅም። በሳምንቱ ግን ክዳኑ ሥር እንደ እንጆሪ የተደራረበ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ዘለላ ተገኘ።

ልጅቷ መቁጠር ጀምራ መቶ ሳትደርስ ተወችው። የሚፈለፈሉት ሁሉ የት ይኖራሉ? ገንዳው አይበቃቸውም፤ ወንዝ ክልክል ነው፤ የሚፈልግ ወዳጅ ቢገኝ ሁለት ሦስት ቢወስድ ነው። አርቢዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ሽሉ ሳይጠና ዘለላውን ፍቀው ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል። ይህን ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «አጎቴ፣ ሁሉንም?» አለች።

ተደራደርን። ዘለላውን በቢላዋ ጫፍ የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ በላስቲክ ጠቅልላ ከሥጋው አጠገብ ያስቀመጠችው እህቴ ናት። ከጥጉ ስድስት ፍሬ ቀርቷል። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ቆጥራ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክርቢቶ አክብባለች።