አደራ ጠባቂው ቢታለል ይጠየቃልን?

በሰቆጣ ገበያ ማር የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ እናስብ። ማሩን አዲስ አበባ ልኮ ሸጧል፤ ገንዘቡም ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል። ግማሹ ግን የርሱ አይደለም፤ «ሸጠህ አምጣልን» ብለው በእምነት የሰጡት ገበሬዎች ነው። (በዱቤ ገዝቷቸው ቢሆን ዕዳ ነውና ጥያቄው ባልተነሳ።)

አንድ ቀን በስልኩ ኢሜይል ይደርሰዋል። የባንኩ ዓርማ አለበት። «የተከበሩ ደንበኛችን፣ ሒሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል፤ ይህን ተጭነው መረጃዎን ያድሱ» ይላል። ደንግጦ ይጫናል፤ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፤ በመልእክት የመጣለትን ማረጋገጫ ቁጥርም ይጨምራል። ወዲያው ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ገበሬዎቹ ሲመጡ ምን ይበላቸው?

የፊቅህ ሊቃውንት አደራ ጠባቂ ችላ ሳይል ንብረቱ ቢጠፋበት አይከፍልም፣ ችላ ካለ ግን ይከፍላል ይላሉ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚህች «ችላ» በምትለዋ ቃል ላይ ወደቀ።

ሌባው ሌባ መሆኑ አያከራክርም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በዚህ መንገድ የሚያጭበረብረውን ይቀጣል። ነገር ግን ደብዳቤው ራሱን አጋልጦ ነበር። የላኪ ስም ማንም እንደፈለገ የሚጽፈው ነው፤ መታየት ያለበት አድራሻው ነው፤ የባንኩ ስም መጀመሪያ ላይ ቢኖርም መጨረሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጥድፊያውም ሰው እንዳያስብ የተደረገ ነው። ከሁሉም በላይ ባንክ ሒሳብ ለማገድም ሆነ ለመክፈት የደንበኛውን የሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም። ስለዚህ መጠየቁ ራሱ ማስረጃ ነው።

«ሰውን መጠርጠር ኃጢአት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ሱረቱል ሑጁራት በአሥራ ሁለተኛው አንቀጽ መጥፎ ጥርጣሬን ይከለክላል፤ በዚያው ሱራ ስድስተኛው አንቀጽ ግን የመጣ ወሬ እንዲጣራ ያዛል። ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ «ይህ ከእናንተ ነው?» ማለት የማንንም ስም አያጎድፍም።

እኔን መሰል ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው እንዲህ ቢታለል ይክፈል እላለሁ። አፉን በኽምጣኛ የፈታ፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ የደረሰውና ማንም ያላስጠነቀቀው ነጋዴ ላይ ግን ለመፍረድ እጄ ይከብዳል። የችላታ ልክ በሰው ዕውቀት ይለያያልና።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። እንደተታለለ ባወቀባት ሰዓት ለባንኩ ቢናገር ገንዘቡ ሳይወጣ ሊያዝ ይችል ይሆናል። «ሞኝ ይሉኛል» ብሎ ሁለት ቀን ከደበቀው ግን፣ ስለነዚያ ሁለት ቀናት ክርክር የለም።