የጫጫታ ባለቤት

የአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለመገናኘት የሚሠሩ፣ በ1.8 ሜጋኸርዝ ሲጠቀሙ ሞገዱ 166 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ብዙ ጊዜ ግማሹን የሚያህል የአንቴና ሽቦ ይሻሉ፤ በሜዳማ የደጋ ገጠር ይህን መዘርጋት ከከተማ ይልቅ ይቀላል። ቀን ላይ ምልክቱን የሚውጠው የላይኛው አየር ንብርብር ሌሊት ሲሳሳ የሩቅ ጥሪ ይሰማል፤ የሩቅ መብረቅ ጩኸትም አብሮ ይገባል። ይሁንና ለሬዲዮ ሰው እንቅፋት የሆነው መብረቅ ለአየር ጠባይ ተመራማሪ መረጃ፣ ለመንዝ ገበሬም የክረምት ምልክት ነውና፣ ጫጫታነት በሞገዱ ሳይሆን በሰሚው ፈቃድ ውስጥ ያለ ይመስላል። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ከነፋሱ፣ ከመናወጡና ከእሳቱ በኋላ ድምፅ የሰማበት ታሪክ ግን ይህን ፍርድ ያጠብበዋል፤ እዚያ ሰሚው ጩኸቱን አልተረጎመውም፣ እስኪያልፍ ጠበቀው እንጂ።