ያልተነገረውን መነሻ ስለ መመርመር

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርስቲ ለመግባት በሚቀመጡበት አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ፥ ከየትምህርቱ ዓይነት ሌላ፥ አፕቲቲዩድ የሚባል የተፈታኙን የቃልና የቍጥር ማስተዋል የሚመረምር ክፍል አለ። በዚህ ዓይነት ፈተና ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ማስረጃና ፍርድ ያቀርብና፥ ተናጋሪው ሳይናገረው እንደ እውነት የያዘው ነገር የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል። በጉለሌ ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ይዘው ሲመጡ «ይህ የዓለም ትምህርት ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉ ካህናት አሉ። እኛ ግን ነገሩ የሚናቅ ሆኖ አላገኘነውም።

አስቀድመን ጥያቄው ምን እንደሚመስል በራሳችን ምሳሌ እናሳይ። አንድ ሰው፦ «ዓምና በሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ዋጋ ጨመረ፤ የገዢውም ቍጥር አነሰ። ስለዚህ ገዢውን ያሳነሰው የዋጋው መወደድ ነው» ይላል እንበል። ለምርጫ የሚቀርቡትም ሦስት ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ የሚሸጥበት የታወቀ ስፍራ ነው የሚል አንድ፤ ዋጋው ቢረክስ ሰው ሁሉ ይገዛል የሚል ሁለት፤ ገዢውን ያሳነሰ ሌላ ምክንያት አልነበረም የሚል ሦስት። ፊተኛው እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ተናጋሪው ካለው እጅግ ይበልጣል፤ ሰው ሁሉ ባይገዛም ንግግሩ ሊቆም ይችላል። ሦስተኛውን ግን ብናፈርሰው፥ ይኸውም ዓምና መንገድ ተቈፍሮ ሰው ወደ ገበያው መግባት ተቸግሮ ነበር ብንል፥ ፍርዱ መሠረቱን ያጣል። እንግዲህ የተሸሸገው መነሻ ይህ ነው። መፈተኛውም መንገድ ይኸው ነው፤ የተጠረጠረውን ቃል ገልብጦ ማየትና ፍርዱ ከእርሱ ጋር ይወድቅ እንደ ሆነ መመልከት። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ መነሻ አይደለምና፥ ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚስቱት የመጀመሪያውን በመምረጥ ነው።

ከቅኔ ቤት የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅን ወይም ውስጠ ወይራን ያስብ ይሆናል። የተሰወረውን መፈለግ በሁለቱም ዘንድ አለና መምሰሉስ ይመስላል። ነገር ግን ልዩነቱ ታላቅ ነው። ወርቁን የሰወረው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ የት እንዳኖረው ያውቃል፤ ሰሚው ሲያገኝለትም ደስ ይለዋል። ያልተነገረውን መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ራሱ አያውቀውም። ስለዚህም ሲነኩበት ይቈጣል፤ የተነካው የንግግሩ አንድ ክፍል ሳይሆን ዓይኑ የተተከለበት ስፍራ ይመስለዋልና።

ያልተነገረ ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። «ደወል ተደውሏል፤ እንነሣ» የሚል ሰው፥ ደወል የቅዳሴ ምልክት እንደ ሆነና ቅዳሴ ማስቀደስ እንደሚገባ ቢዘረዝር ቅዳሴው ባለፈው ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው የተነገረው እውነት ያልተነገረውን ሐሰት ተሸክሞ ሲገባ ነው።

የአርዮስን ነገር እናስታውስ። አባት ከልጁ ይቀድማል የሚለው ቃል በሰዎች ዘንድ እውነት ነው፤ ወልድም ልጅ መሆኑን ምእመናን ሁሉ ያምናሉ። አርዮስ ከእነዚህ ተነሥቶ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ወደሚል ክሕደት ደረሰ። በመካከል ያልተነገረው፥ የመለኮት ልደት እንደ ሥጋ ልደት በጊዜ የሚለካ ነው የሚለው ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት የወልድን ልጅነት አልካዱም፤ የአባትነትንም ስም አልተዉም፤ የመለኮትን ልደት በጊዜ መለካትን ነቀሉ እንጂ። ብርሃን ከፀሐይ ሲወጣ ፀሐይ ያለ ብርሃን የቈየችበት ሰዓት እንደሌለ አበው በምሳሌ ያስተማሩትም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

በዮሐንስ ወንጌልም ዘጠነኛው ምዕራፍ፥ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠይቁ ኃጢአቱን ለእርሱ ወይም ለወላጆቹ ለመስጠት ሁለት በር ብቻ ከፈቱ። ጌታችን ግን ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም፤ ሕመም ሁሉ የአንድ ሰው በደል ዋጋ ነው የሚለውን የጥያቄውን ሥር ቈረጠ እንጂ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ከደጃችን ስላለ ነገር ነው። ከጉለሌ በላይ ባለው በእንጦጦ፥ ከሩቅም ከቅርብም ሕሙማን ለጠበል ይመጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ብዙዎች ነበሩ፥ አሉም። በአገራችን የቫይረሱን ኀይል የሚያደክመው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ጀመረ። ነገር ግን ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ፥ ከሚመክሯቸውም ሰዎች አንዳንዶቹ፦ «ጠበል ይፈውሳል፤ ስለዚህ የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይተው» አሉ።

ፊተኛውን ቃል እኛም እናምናለን። ኋለኛው ግን ከፊተኛው ብቻ አይወለድም። በመካከላቸው ያልተነገረ ነገር አለ፤ ይኸውም እግዚአብሔር በአንድ መንገድ ብቻ ይፈውሳል፥ ወይም መድኃኒት መውሰድ በእርሱ አለመታመን ነው የሚል ነው። በፈተናው መንገድ እንገልብጠው። እግዚአብሔር በጠበልም በሐኪም እጅም ይፈውሳል ያልን እንደ ሆነ «መድኃኒቱን ይተው» የሚለው ምን ይደግፈዋል? ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ መስክሯል።

በ1999 ዓ.ም. በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፥ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ በግልጽ ተናገሩ። ስለ ጠበሉ ክብር የተቀነሰ ነገር አልነበረም፤ የፈረሰው ማንም ሳይናገረው ሰውን ሲገድል የቈየው መነሻ ነው። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ በደሙ ዳግመኛ ይበዛበታል፤ እየወሰደ እያቋረጠ የሚኖር እንደ ሆነም ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመዳል። በፈተና ወረቀት ላይ የተሳሳተ ምርጫ የሚያሳጣው አንድ ነጥብ ነው።

የንስሐ አባት የሆኑ ወንድሞቻችን ዛሬም ይህ ጥያቄ ከስኳር በሽተኛም፥ ከደም ግፊት በሽተኛም ይመጣባቸዋል። ልጃቸው «አባቴ፥ ጠበል ልገባ ነውና መድኃኒቴን ላቁም?» ሲላቸው፥ ስለ ጠበሉ ኀይል ከመናገራቸው በፊት፦ «ልጄ፥ ሁለቱ አብረው አይሆኑም ያለህ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት።